በጾምና በሕመም መካከል

አንደኛ አቅራቢ፦ አኖሬክሲያና ቡሊሚያ የተባሉት የአመጋገብ ሕመሞች የሚመደቡት ከአእምሮ ሕመሞች ነው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚያጠናቸው ተመራማሪ የማነሱ ነገር የሚጀምረው ከሳይካትሪስቱ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እገዛ ስፔሻሊስት ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የምርምር ገንዘቡም የሄደው ወደ ሌሎች ሕመሞች ነው። በቡታጅራ የተካሄደው ጥናት ስኪዞፍሬኒያን፣ ከ2011 ጀምሮ በብሪታኒያ መንግሥት ገንዘብ በሶዶ ወረዳ የተካሄደው ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ሳይኮሲስን፣ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥ ሱስን ተከታተሉ። ረሃብ በሚታወስበት አገር፣ ማዕድ ቀርቦለት አልበላም የሚል ታማሚ ገንዘብ ሰጪ ዐይን ውስጥ አለመግባቱ ብዙም አያስገርምም።

አንደኛ አቅራቢ፦ መለኪያውም ያስቸግራል። በዓለም ብዙ የሚሠራበት የአመጋገብ ሕመም መጠይቅ መነሻው በ1979 እዚያው ቶሮንቶ የተዘጋጀው ነው፤ እየራበው ከምግብ የሚቆጠብን ሰው ነጥብ ይይዝበታል። በሁዳዴ፣ ወሎ ሰፈር፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። የቢሮ ሠራተኛዋ የምሳ ሰዓቷን በባዶ ሆዷ አሳልፋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ታዛለች። ለመጠይቁ ይህም ምልክት ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ መለያው ከጾሙ በኋላ ያለው ነው፦ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጡን በደስታ ትበላለች ወይስ ሰበብ ፈልጋ ትገፋለች? ይህን የሚለይ የአማርኛ መጠይቅ ማዘጋጀት ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሐኪም ጊዜ ነው፤ ሐኪሙን ግን ኮሪደሩ ላይ ተሰላፊ ይጠብቀዋል።