ስለ ተገጣጣሚዋ ብስክሌታችን
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የብስክሌት ኮሚቴው አባላት ሦስት ነን፤ አንዱ በያጅ፣ አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ ታክሲ ነጂ። ታክሲ ነጂው በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ መካኒካል ምህንድስና እስከ ሦስተኛ ዓመት ተምሮ ያቋረጠ በመሆኑ «የተማርክ አንተ ነህ፣ አንተ ተናገር» ተብሎ እነሆ ቆሟል። ምስጋናውም ወቀሳውም ግን የሦስታችን ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ኮዝሞ ሲቲ ሰፊ ናት፣ ሸለቆም በመካከሏ ያልፋል። አዲስ የመጣ ልጅ ሎኬሽን ሲወጣ ብርድ ልብሱንና አንሶላውን በትከሻው ተሸክሞ ከበር ወደ በር ይዞራል። ባለሱቁ ዳቦና ለስላሳ ያመላልሳል። እናት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሦስቱም ብስክሌት ቢኖራቸው ይጠቅማቸዋል፤ የሚፈልጉት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ረጅም መጫኛ ይሻል፣ አንዷ በቀሚስ የምትወጣበት ዝቅ ያለ፣ ሌላው ቀላልና ፈጣን። ሦስት ብስክሌት የሚገዛ አቅም ያለው ቤተሰብ ደግሞ ብዙ አይደለም። ስለዚህ አንድ ፍሬም ሠርተን እንደ አስፈላጊነቱ የሚረዝም፣ የሚያጥር፣ ዝቅ ከፍ የሚል እናድርገው ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያዋን ታስታውሷታላችሁ። ፍሬሙን ሦስት ቦታ ቆርጠን፣ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ ቱቦ አድርገን በብሎን አያያዝናት። እዚሁ አዳራሽ ፊት ለፊት በአሥር ደቂቃ ፈትተን ስንገጥማት አጨበጨባችሁልን፤ እኛም ደረታችንን ነፋን። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ወንድማችን ብርድ ልብስ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ መጋጠሚያዋ ተከፈተች። ክንዱ ተሰበረ። ሁለት ወር ሥራ ፈታ፤ በዱቤ ያነሣው ዕቃ ዕዳ ግን አልጠበቀውም። ማኅበሩ ለሕክምናው ያወጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ይሄን ብስክሌት ተዉት» ያላችሁን አባላት አንቀየማችሁም፤ እኛም ለአንድ ወር ያህል ትተነው ነበር።

ስብርባሪዋን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ስናያት ብሎኑ አልተሰበረም። የብሎኑ ቀዳዳ ነው ሞላላ የሆነው። ፔዳል የሚመታ ሰው ፍሬሙን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። በደቂቃ 60 ዙር ቢመታ በሰዓት 7,200 ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ጭነት ሲጨመር ክር የምታህለዋ ክፍተት ትሰፋለች፣ የሰፋችው ደግሞ ይበልጥ ታናውጣለች። መጋጠሚያ ባበዛን ቁጥር ያበዛነው ይህንኑ ነበር። ከሦስተኛ ዓመት ደብተራችን ውስጥ የነበረ ትምህርት ነው፤ ጭብጨባው አስረሳን።

ባሕር ዳር የኖራችሁ የሳይክል ነገር ታውቃላችሁ። ከተማዋ ሜዳ ናት። ፊኒክስ የምትባለዋን የቻይና ሳይክል አባት ሥራ ሄዶባት ማታ ልጅ ይለማመድባታል። ኮርቻው ዝቅ ከፍ ይላል፣ መሪው ይዞራል፣ ከኋላ መጫኛ ይታሰራል፣ ጎማው ይለወጣል። ፍሬሙን ግን ማንም አይቆርጠውም። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ሮቨር የተባለችውን ብስክሌት ካወጣ ወዲህ የብስክሌት አካል ብዙ ያልተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አራት እንጨት በሚስማር ብታያይዙ ገፋ ሲያደርጉት ይጣመማል፤ ሦስት እንጨት ግን ሦስት ማዕዘን ሆኖ ቀጥ ይላል። ጣሪያ ያዋቀረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኛ የቆረጥነው ይህንኑ ሦስት ማዕዘን ነበር።

መፍትሔውን ያገኘነው ከሌላ ሰው ሥራ ነው። ሮስ ኢቫንስ የተባለ አሜሪካዊ በተማሪነቱ ኒካራጓ ሄዶ ሰዎች በብስክሌት ዕቃ ሲያጓጉዙ ካየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤክስትራሳይክል የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የሠራው ማስረዘሚያ አብዛኛው ተራ ብስክሌት ላይ ይገጠማል። የኋላው ጎማ ይወልቅና የጎማው አክሰል በሚገባባቸው ሁለት ስንጥቆች ማስረዘሚያው ይታሰራል፤ ሦስተኛው መያዣ ከፔዳሉ ኋላ፣ የማቆሚያው እግር በሚታሰርበት ቦታ ነው። ጎማው ወደ ኋላ ሄዶ ማስረዘሚያው ላይ ይገባል። አዲስ ቁርጥ የለም፣ ፍሬሙ እንዳለ ነው።

ሁለተኛዋን ብስክሌት በዚሁ መንገድ ሠራናት። ብረት ናት፤ አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ከተበየደ በኋላ ጥንካሬው እንዲመለስ በምድጃ መታከም ይፈልጋል፣ የእኛ ጓሮ ደግሞ ያ ምድጃ የለውም። የላይኛውን ቱቦ ለባለ ቀሚሷ ዝቅ አደረግነው፤ የኮርቻውን ዘንግ አስረዘምነው፤ ስለዚህ አባትም የ14 ዓመት ልጅም ይነዱበታል።

ያላሰብነው ችግር ፍሬኑ ነበር። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ የቸርኬ ፍሬኑ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲገፉት የሚይዘውን ዓይነት መረጥን፤ እሱም ክንዱ ማስረዘሚያው ላይ ካልታሰረ አይሠራም። በቁልቁለት ደግሞ ጭነት ሲኖር ይግላል፤ ከፊት የእጅ ፍሬን ጨመርን። ካቴናውም ሁለት ነው፣ አጭርና ረጅም። ይህን ሁሉ የነገረን መጽሐፍ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው።

«ለምን ዝግጁውን አንገዛም?» ብላችሁናል። ኩቤካ የተባለው የዚህ አገር ድርጅት ሲያድላት የቆየው ባፋሎ ብስክሌት የኋላ መጫኛዋ 100 ኪሎ ይችላል፣ ጠንካራ ናት፤ አንክድም። (የእኛው ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከመሆኑ በፊት የዚህን ድርጅት ስም በያዘ ቡድን ውስጥ ነበር።) ባፋሎ ያገኘ ይያዛት፣ ማስረዘሚያውን ለእሷም እንሠራለን። የእኛ ጥያቄ ቤታችሁ ቆማ ላለችው አሮጌ ብስክሌት ነው።

አሁን የምንጠይቃችሁ ለአምስት ማስረዘሚያ የሚሆን የብረትና የብየዳ ወጪ ነው። ሁለተኛዋን ብስክሌት ለሦስት ወር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 50 ኪሎ፣ ጭነን ነድተናታል፤ ነጂውም ኮሚቴው ራሱ ነበር። በየብሎኑና በፍሬሙ ላይ አንድ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር አስምረናል። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው፣ ጭነት አይጫንም። ክንዱ የተሰበረው ወንድማችን «የመጀመሪያዋ ለእኔ ትሁን» ብሎናል። እኛ ገና እሺ አላልነውም፤ እናንተ ወስኑ።

ብስክሌቷ ጓሮ ቆማለች፣ ሲሚንቶውም ላይዋ ነው። ቡናው እስኪፈላ ወጥታችሁ መስመሮቹን አንድ በአንድ እዩልን።