የክረምት ኳስና በረኛችን

(በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክረምት በገባ ቁጥር፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እኛ የዛሬ ሽበታሞች ቀሃ ወንዝ ዳር ጭቃ ላይ ኳስ ስንራገጥ ኖረናል። ከዚያ እሸት በቆሎ እየጠበስን ስንጨቃጨቅ ይመሻል። በረኛችን ታዲያ አንድ ቀን ጥፋቱን አምኖ አያውቅም፤ «ኳሷ ረጥባ ነው» ይላል።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ፣ ውድድሩ በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለ ነበር ያየነው በቴሌቪዥን ነው። በረኛችን ግን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አርፏል። ጮኽን፣ ጨፈርን፤ ወንበሩን ስናይ ዝም አልን።

ባለቤቱ ጓንቱን እስካሁን አስቀምጣዋለች። ዘንድሮ በቡሄ ማግሥት ልጆቹ ሲጋጠሙ ለበረኛቸው እንድትሰጥልን ለምነናት እሺ ብላለች። አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ የሚሰፋልን ካለ ለጸሐፊያችን ይንገርልን።