የመብረቋ ምልክት

ከመዳፍ የማትበልጠው ራስቤሪ ፓይ 4 ኮምፒዩተር፥ ሥራ በበዛባት ሰዓት ድንገት ጠፍታ ስትነሣ፥ ቀይዋ መብራቷ ስትርገበገብና በስክሪኑ ማዕዘን ቢጫ የመብረቅ ምልክት ስትታይ፥ ሕፀፁ ከሲሳይዋ፥ ማለትም ከኃይለ ኤሌክትሪኩ መሆኑን እወቁ። 5.1 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ያስፈልጋታል፤ ቮልቱ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ምልክቷን ታሳያለች። ብዙ ሰው ቻርጀሩን ይኮንናል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምመረምረው ገመዱን ነው፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ፥ በውስጡ ያለው የመዳብ ክር የሳሳ ስለሆነ፥ ከቻርጀሩ በሙላት የወጣውን ቮልት በመንገድ ያጎድለዋልና። ስለዚህ ገመዱን በአጭርና በወፍራም ለውጡ፤ ሃርድ ዲስክም ከተሰካባት፥ እርሱም ኃይሉን ይሻማታልና፥ ነቅላችሁ ሞክሯት። ኮምፒዩተሯ በሜሞሪ ካርዷ ላይ ስትጽፍ ኃይሉ ቢቋረጥ ካርዱ ሊበላሽ ይችላልና፥ የደከማችሁበትን ሥራ ቅጂ ዛሬውኑ በሌላ ስፍራ አኑሩ።