ጥግ የተደፋው ብርጭቆ

እሱ፦ የድሬዳዋ ሰው "አንቱ" አያውቅም ይባላል፤ ትንሹም ትልቁም "አንተ" ነው፣ ማዕዱም አንድ። ቲቢ ሲባል ግን…

እሷ፦ አቦ፣ ብርጭቆው ይለያል! ታጥቦ ለብቻው ጥግ ላይ ይደፋል።

እሱ፦ በብርጭቆ አይተላለፍማ! በሚያስለው ሰው ትንፋሽ፣ በአየር ነው።

እሷ፦ የሚያስቀኝ እሱ ነው። በርጫ ላይ ብርጭቆ እንለያለን፤ መስኮቱን ግን ዘግተን ስንተነፋፈስ እናመሻለን።

እሱ፦ ይሄን መገለል እንዴት ያጠኑታል?

እሷ፦ ደቡብ ታይላንድ ውስጥ ተዘጋጅቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ መጠይቅ አለ። ግማሹ የማኅበረሰቡን አመለካከት፣ ግማሹ የታማሚውን ስሜት ይለካል። እኔ ግን በር አንኳኩቶ የሚገኝ መልስ ብዙም አላምንም። "ከታማሚ ጋር ትበላለህ?" ሲሉት ማን "አልበላም" ይላል?

እሱ፦ ታዲያ ምን ይጠየቅ?

እሷ፦ ታማሚው። ሳቢያን ሰፈር እየኖርክ መድኃኒትህን ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄደህ የምትወስደው ለምንድን ነው? ሽንትህ በመድኃኒቱ ሲቀላ ለቤተሰብህ ምን አልክ? ከዚያ ጓዳ ገብቶ ብርጭቆውን ማየት ነው።

እሱ፦ የተለመደው ሕክምና እኮ 6 ወር ነው። መድኃኒቱ ከሠራለት ደግሞ ማስተላለፉ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

እሷ፦ ብርጭቆውስ?

እሱ፦ ታማሚው ድኖ ሥራ ገብቷል፤ ብርጭቆው ግን እዚያው ጥግ ነው።