ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መርገጫ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይጠይቃል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ሾፌሩ በቀኝ እግሩ ስለሚጫነው መርገጫ ነው። (ነዳጅ በሌለው መኪና ውስጥም «ነዳጅ ስጠው» መባሉ አልቀረም!)

በቤንዚን መኪና መርገጫው ሲጫን ለሞተሩ የአየር በር ይከፈታል። ሞተሩ በቂ ጉልበት የሚያገኘው መዞሩ ሲፈጥን ስለ ሆነ፣ ከቆመበት ለመነሣት ፍሪሲዮንና አንደኛ ማርሽ ያሻዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚከፈት የአየር በር የለም። ከመርገጫው ጋር የተያያዙ መሣሪያዎች እግሩ ምን ያህል እንደ ተጫነ ለኮምፒዩተር ያስታውቃሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ከአንድ በላይ ሆነው ይሠራሉ። ኮምፒዩተሩም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይመጥናል። ሞተሩ ደግሞ ትልቁን የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው ገና ከቆመበት ሲነሣ ነው። ከባድ ነገርን ከቦታው ማነቃነቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የደብረ ታቦር አገር ሰው ያውቃል፤ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በስንት ሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው!

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሌላም ጥቅም አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ስላላት አየሯ ከምጽዋ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ባትሪው ነው። ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም በጥቂቱ ይሞላል። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ ሰው በዚህ አይመካ። የሞላ እንሥራ ሌላ ውሃ አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ሥራው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሥጋታችን እንምጣ። በገበያ ቀን የአንበሳሜ መንገድ በሰውና በአህያ ይሞላል፤ እኛም ከትምህርት ቤት የምንመለሰው በዚያው ነው። አሮጌ መኪና የለመደ እግር አዲሱን መርገጫ እንደ ድሮው ቢረግጠው፣ መኪናው ሳያጓራ፣ እግረኛውም ሳይሰማው ወደ ፊት ይወረወራል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የመርገጫውን መጀመሪያ ለስላሳ ያደርጉታል። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ «ኢኮ» የሚባል ምርጫም አለ፤ በዚህ ጊዜ ያው ርግጫ ያነሰ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ መኪና የምትገዙ ወላጆቻችንን የምንለምነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ«ኢኮ» እንድትነዱና ወደ ገበያው መንገድ ከመግባታችሁ በፊት በባዶ ሜዳ እግራችሁን እንድታለማምዱ ነው።