በውል የታሠረች እናት፤ ስለ አንድ የኮሪያ ፊልም የተደረገ ንግግር



በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ አንዲት ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ልንናገር መቆማችን ብዙዎቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። የበዓል ንግግር ስለ ዕውቀትና ስለ ትጋት እንጂ ስለ ደም አይደለም የሚለን ይኖራል። ዳሩ ግን የመረጥነው ፊልም ከጩቤው ይልቅ ስለ እንጀራ፣ ስለ ውልና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገር ሆኖ ስላገኘነው ጥቂት ጊዜያችሁን እንለምናለን።

ፊልሙ የኮሪያ ነው። ኮሪያን አያቶቻችን ያወቋት ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ በዘመተበት ጦርነት ነበር፤ የዛሬ ልጆች ግን የሚያውቋት በፊልሟና በዘፈኗ ነው። (ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በአገሩ ቋንቋ የፊልሙ ስም «ጊል ቦክ ሱን» ይባላል፤ ይኸውም የባለታሪኳ ስም ነው። ለውጭ አገር ሰው የወጣለት ስም ግን «ኪል ቦክሱን» ሲሆን፣ «ጊል» የተባለውን የቤተ ሰብ ስም በእንግሊዝኛ «ግደል» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አጫውቶታል። ደራሲውና ዲሬክተሩ ብዩን ሶንግ ህዩን ናቸው። በ2023 መጀመሪያ በበርሊን የፊልም በዓል ላይ ታይቶ፣ ወዲያው በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። እናቲቱን ሆነው የሚጫወቱት በ2007 በካን የፊልም በዓል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት የተቀበሉት ወይዘሮ ጆን ዶ ዮን ናቸው።

ፊልሙ በአገሩ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ሰው የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ሄዳችሁ እዩት ለማለት አልቆምንም። ታሪኩን ከእኛ አፍ ብትሰሙት ግን የሚጎዳችሁ አይመስለንም።

ጊል ቦክ ሱን በሥራ ሰዓቷ ሰው የምትገድል፣ ወደ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ለልጇ እራት የምታቀርብ፣ ባል የሌላት እናት ናት። ፊልሙ ሲጀምር ከአንድ ጃፓናዊ ወንበዴ ጋር ትገጥማለች። ሰውየው የጎራዴ አዋቂ ነው፤ እርሷ የያዘችው ከገበያ የተገዛ ርካሽ መጥረቢያ ነው። በወጉ ተዋግታ እንደማታሸንፈው ባየች ጊዜ ሽጉጥ አውጥታ ትተኩስበታለች፤ ምክንያቷም ገበያው ሳይዘጋ ዕቃ መግዛት ስላለባት ነው። ተመልካቹ ይሥቃል። እኛም ሥቀናል፤ ቆይቶ ግን ሣቁ ይጎመዝዛል።

የምትሠራበት ኩባንያ ኤም.ኬ. ይባላል። ቢሮ አለው፣ የማዕረግ ደረጃ አለው፣ ወጣት ተለማማጆችም አሉት። ግድያውን «ግድያ» ብሎ የሚጠራ የለም፤ እንደ ሠዓሊ ወይም እንደ ተዋናይ «የጥበብ ሥራ» ይሉታል። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ዲሬክተሩ ታሪኩን ያሰቡት የወይዘሮ ጆን ዶ ዮንን የተዋናይነትና የእናትነት ኑሮ ጎን ለጎን ተመልክተው ነውና። ሊቀ መንበሩ ቻ ሚን ክዩ ለሙያው ሦስት ሕግ አውጥቶለታል። አንደኛው፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አይገደልም። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ያልፈቀደው ሥራ አይሠራም። ሦስተኛው፣ ኩባንያው የፈቀደውን ሥራ ሳይሞክሩ መተው አይቻልም።

የመጀመሪያው ሕግ ርኅራኄ ይመስላል። ሰውን የሚያስረው ግን ሦስተኛው ነው። ገዳዩ ማን እንደ ሞተና ስለ ምን እንደ ሞተ እንዳይጠይቅ፣ «እምቢ» የሚልበትን በር ይዘጋበታል። ሕግ፣ ውል፣ ማዕረግ፣ ልምምድ የተባሉት ቃላት በሌላ ቦታ ሁሉ የተከበሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ክፉውን ሥራ የዕለት ሥራ ለማስመሰል የተቀጠሩ ናቸው። የቦክ ሱን ውል ሊያልቅ ተቃርቧል። ሊቀ መንበሩ እንድታድስ ይፈልጋል፤ እርሷ ግን መተውን ታስባለች።

በዚህ መካከል አንድ ሥራ ይሰጣታል። ለከፍተኛ ሹመት የታጨ አንድ ባለ ሥልጣን አለ፤ የወንድ ልጁ ዩኒቨርሲቲ አገባብ ቅሌት ሆኖበታል። ወጣቱ ራሱን የገደለ መስሎ እንዲሞት ታዟል። ይህን ሞት የጠየቀው የገዛ አባቱ መሆኑን ስትረዳ ቦክ ሱን እጇን ትሰበስባለች። የመግቢያ ፈተና የሚጠብቁ ተማሪዎችና ውጤቱን ከእነርሱ ይልቅ በጭንቀት የሚጠብቁ ወላጆች በዚህ አዳራሽ አሉና፣ ይህን ክፍል ያለ ድንጋጤ ለማየት አልቻልንም። በነፍስ የምትነግደው ሴት እንኳ የምታፍርበትን ነገር አባት አድርጎታል።

ሦስተኛው ሕግ ተጣሰ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ አብረዋት ይጠጡ የነበሩ የሙያ ጓደኞቿ በዚያው በመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይነሡባታል። ከጎኗ የቆመችው ወጣት ተለማማጅም አልተረፈችም። የቀረው ውጊያ ነው፤ ስለ ውጊያው ብዙ መናገር አንወድም። እጅግ በጥበብ የተቀረጸ ነው፤ ከመጠን በላይ ማማሩ ግን እንደ ነቀፌታ ይቆጠርበታል፤ ዓይን ሲደሰት ኅሊና ይተኛልና። የሊቀ መንበሩም ፍቅር ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢያጥር በወደድን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የነካን የቤቱ ታሪክ ነው። ልጅቱ ጄ ዮንግ 15 ዓመቷ ነው፤ የእናቷን ሥራ አታውቅም፤ የክፍሏን በር ዘግታ ትቀመጣለች። አንድ ወንድ ተማሪ ምስጢርሽን አወጣለሁ ብሎ ቢያስፈራራት በመቀስ ወጋችው፤ እናቲቱም ወደ ትምህርት ቤት ተጠራች። እስቲ ይህችን እናት በመምህሩ ፊት ተቀምጣ አስቧት! ሰው መውጋት ነውር ነው ብላ ልጇን በምን አፏ ትቆጣት? የራሷ አባት ጨካኝ ነበር፤ እርሷም ወደዚህ ሥራ የገባችው ገና በተማሪነት ዕድሜዋ አባቷን ገድላ ነው። ያንን ሁሉ ከልጇ ሰውራ ማሳደግ የምትችል መስሏት ነበር።

ፊልሙን ያየን መምህራን በአንድ ነገር ተከራክረናል። ይህች ሴት ልትተው የፈለገችው ተጸጽታ ነው ወይስ ስለ ልጇ? አንዳንዶቻችን ስለ ሞቱት ሰዎች ስታለቅስ ስላላየን ፊልሙ ጉድለት አለበት አልን። ሌሎቻችን ደግሞ እውነተኛነቱ እዚያ ላይ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣት የሬሳው ብዛት ሳይሆን የልጇ የተዘጋ በር ነው አልን። ክርክሩ አላለቀም። ከወላጆች መካከል ፊልሙን ያየ ቢኖር ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሐሳቡን ብንሰማ ደስ ይለናል።