የአውራ ዳክዬ ስም



የወንድ ዳክዬ ስም በእንግሊዝኛ «ድሬክ» ነው። በዚሁ ድምፅ የሚጠራ ሌላ ጥንታዊ ቃል ደግሞ ዘንዶን ያመለክታል። ድምፅን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ወፉን ከዘንዶው ያዛምዳል። ሥራቸው ሲመረመር ግን ሁለቱ ባዕዳን ናቸው። የዘንዶው ስም ከግሪክ «ድራኮን» ተነሥቶ በላቲን በኩል የገባ ነው። የዳክዬው ስም ወገን የሚገኘው በጥንታዊው የደጋ ጀርመንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «አንትራኾ» ይባል ነበር፤ የዚህም ቃል የመጀመሪያው ክፍል ዳክዬ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ቃል ይህ ክፍል ስለማይታይ ዝምድናው ከዓይን ተሰውሯል።

በአማርኛም አውራ ዶሮ እንደሚባል ሁሉ ወንዱ ዳክዬ አውራ ዳክዬ ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ «አውራ» ወንድ ማለት ብቻ አይደለም፤ መሪና ዋና ማለትም ነው። የንብ አውራ እንቁላል የምትጥለው እንስት ናት። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ መሥሪያ ቤት «አውራ ጎዳና» በሚለው ስም ሲጠራ የተፈለገው ፍችም ይኸው ዋናነት ነበር።

እንግዲህ ድምፅ አንድ ሆኖ ሥር ይለያያል፤ ቃል አንድ ሆኖ ፍች ይለያያል። መሐንዲስ አፈሩን ሳይመረምር መሠረት አይጥልም። ለሙያው ስያሜ ሲያወጣም የቃሉን ሥርና ፍች አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል፤ በስያሜ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ከወረቀት ወደ ሥራው ቦታ ይወርዳልና።